ተገጣጣሚ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሲበላሽ፦ የትኛውን ክፍል በምን መተካት ያዋጣል?

በካርቶን መጥቶ ቤት ውስጥ በብሩጎላና በካቻቪቴ የሚገጠመው የመጽሐፍ መደርደሪያ ባሕር ዳር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ይበላሻል፤ ረድፉ በመጽሐፍ ክብደት ይጎብጣል፣ እግሩ በወለል ውኃ ያብጣል፣ ቤት ሲቀየር ደግሞ መጋጠሚያው ይላላል። ያኔ ምክሩ ይበዛል። ሻጩ «አዲስ ይግዙ» ይላል፣ አናጢው «በዋንዛ ልሥራልዎ» ይላል፣ ጎረቤት «ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት በሙጫ የተጨመቀ ቦርድ) አስቆርጡ» ይላል። ሦስቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው፤ ችግሩ የትኛው ለየትኛው ክፍል እንደሆነ አለመለየቱ ላይ ነው።

መደርደሪያው ሁለት ጎን፣ ጣሪያና ወለል፣ አራት ወይም አምስት ረድፍ፣ ስስ ጀርባ፣ የግርጌ ሳንቃና አንድ እፍኝ የማይሞላ ብረታ ብረት ነው። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ሥራ ስላለው የሚስማማው መተኪያም ይለያያል። የዚህ መመሪያ አቋም አጭር ነው፦ ሁለቱ ጎኖች ደህና ከሆኑ ሌላው ሁሉ ይተካል፣ አብዛኛውም ከፋብሪካው የተሻለ ሆኖ ይተካል። ሁለቱም ጎኖች እስከ ወገባቸው ከተበላሹ ግን ጥገናው አያዋጣም።

## መጀመሪያ ባዶውን ይመርምሩ

መጻሕፍቱን በሙሉ አውርደው መደርደሪያውን ከግድግዳ ያርቁት። የጎኑን ውፍረት በደረት ቁመት ላይና ከወለሉ አጠገብ ይለኩ። ላይ 16 ሚሊ ሆኖ ታች 18 ወይም 20 ካሳየ ቦርዱ ውኃ ጠጥቷል። ቺፕውድ፣ ማለትም በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ቦርድ፣ አንዴ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም፤ ፍርፋሪውን የያዘው ሙጫ ስለተላቀቀ እዚያ ቦታ ላይ ቪቴም (በካቻቪቴ የሚጠብቀው ጠመዝማዛ ሚስማር) አይዝም። እብጠቱ የት ድረስ እንደወጣ በእርሳስ ያስምሩበት፤ መስመሩ ስለ ጎን ስናወራ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥረው መሃል ላይ በክሩና በቦርዱ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። እስከ 4 ሚሊ ከሆነ ረድፉን ገልብጦ መልሶ መጫን ይበቃል፤ ክብደቱ ራሱ ቀስ እያለ ያቀናዋል። ይህ ጊዜ ይገዛል እንጂ መፍትሔ አይደለም። ከ10 ሚሊ ካለፈ ይተካ።

በሦስተኛ ደረጃ ከኋላ ሆነው ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ፤ ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ፣ ከላይ ቀኝ እስከ ታች ግራ። 80 ሳንቲ ሜትር ወርድና 200 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው መደርደሪያ ሁለቱም ሰያፎቹ 215.4 ገደማ መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ከበለጠ መደርደሪያው ተወላግዷል፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የጀርባው ነው።

በመጨረሻ ጎኖቹንና የግርጌውን ሳንቃ በጣት አንኳኩተው ያዳምጡ። ባዶ የሚያስተጋባ ቦታ ካለ በሚስማር ጫፍ ይንኩት። ሚስማሩ ያለ ትግል ከገባ፣ ወይም ከግድግዳው ወደ ቦርዱ የሚሄድ ቀጭን የጭቃ መስመር ካዩ ምስጥ ነው። የምስጥ መንገድ ሳይዘጋ ምንም ክፍል አይተኩ፤ አዲሱም ይበላል። አንዳንዶች የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ ይቀባሉ። ለአጥር እንጨት ሊሆን ይችላል፣ ለመጽሐፍ መደርደሪያ ግን ሽታውም ቅባቱም ወደ ወረቀቱ ይገባል።

## መመዘኛዎቹ

ሸክም። ተራ መጻሕፍት በአንድ ሜትር ረድፍ ላይ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናሉ። የሕግና የሕክምና መጻሕፍት፣ እንዲሁም የታሰሩ ጥራዞች ከዚያ ይበልጣሉ። ረድፉ የሚጎብጠው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ርዝመትና ውፍረት ከክብደት ይልቅ ይወስናሉ። መጽሐፍ በሙሉ ርዝመቱ ከተደረደረ ከ60 ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የረዘመ ረድፍ ጉብጠቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ውፍረቱ ከ16 ወደ 18 ሚሊ ሲያድግ ጉብጠቱ በ30 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ወደ 25 ሚሊ ሲያድግ ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ «ጠንካራ ቦርድ ስጡኝ» ከማለት «25 ሚሊ ስጡኝ» ማለት ይሻላል። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ሌላም ጠባይ አላቸው፤ ያው ሸክም ሳይጨመርበት በወራት ውስጥ እየጎበጡ ይሄዳሉ። ሲገጠም ቀጥ ያለው ረድፍ ከዓመት በኋላ ሆዱን የሚያወጣው ለዚህ ነው።

እርጥበት። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ፣ በተለይም የሐምሌና የነሐሴ፣ በቤት ውስጥ ያለውን እንጨት ያርሳል፤ በበጋ ደግሞ ይደርቃል። ከጣና ሐይቅ ዳር ባሉ ሰፈሮችና በምድር ቤት ይህ ይብሳል። ይሁን እንጂ መደርደሪያን በይበልጥ የሚገድለው ዝናቡ ሳይሆን የወለል መወልወያው ነው። ውኃ በየጊዜው በጎኑ የታች ጠርዝ ይሳባል፤ ያ ጠርዝ ደግሞ በፋብሪካ ብዙ ጊዜ ሳይለበጥ የሚቀረው ነው፣ ስለማይታይ።

መፈታት። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው፣ በተለይ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊና የፔዳ ግቢዎች ዙሪያ ክፍል የሚከራይ ተማሪ፣ መደርደሪያውን ደጋግሞ መፍታቱ አይቀርም። በኮላ የተያያዘ ክፍል ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ሳይሰበር አይፈታም። ቪቴ ቺፕውድ ውስጥ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ ሲወጣና ሲገባ ክሩን ይበላዋል።

ልክ። ረድፍ ሁለትና ሦስት ሚሊ ቢያንስ ችግር የለውም። ጎን ላይ ግን አንድ ሚሊ የተዛነፈ ቀዳዳ መደርደሪያውን በሙሉ ያወላግዳል። ጥንቃቄው እንደየክፍሉ ነው።

ወጪና መገኘት። የቦርድ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ እዚህ በብር አንጽፍም፤ የምናነጻጽረው በደረጃ ነው። ሙሉ ቦርድ መግዛትዎን ወይም ቁራጭ መግዛትዎን ግን አስቀድመው ያስሉ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነው።

## የመተኪያ አማራጮች

የፋብሪካው ክፍል። ለዚያው ሞዴል የተሠራ ረድፍ ወይም ጎን ማግኘት ከተቻለ በልክ የሚወዳደረው የለም፤ ቀዳዳው ሁሉ በቦታው ነው። ከውጭ በካርቶን ለሚገቡት መደርደሪያዎች ግን አንድ ጎን ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ማግኘት ይከብዳል፤ ከአዲስ አበባ ቢያስመጡም ረጅም ቦርድ በመኪና ላይ ማዕዘኑ ሳይቀጠቀጥ መድረሱ አጠራጣሪ ነው። ድክመቱም አብሮ ይመጣል፦ በ16 ሚሊ የጎበጠውን በ16 ሚሊ መተካት ያንኑ ጉብጠት መልሶ መግዛት ነው። ብረታ ብረቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን የተስፋፋው ባለ 32 ሚሊ አሠራር ስለሚከተሉ የአብዛኞቹ ተገጣጣሚ ዕቃዎች የረድፍ ቀዳዳ 5 ሚሊ ነው፣ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ርቀትም 32 ሚሊ። መደርደሪያው የማንም ሥሪት ቢሆን ከሌላ ሥሪት የወጣ የረድፍ መያዣ ሊገባበት ይችላል።

ያገለገለ ክፍል። ከተጣለ መደርደሪያ የተረፈ ረድፍ ርካሽ ነው። ርዝመቱ ከበለጠ ይቆረጣል፣ ካነሰ አይረባም። ጎብጦ እንደሆነ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አጋድመው ይፈትሹ። ጎን ግን ያገለገለ አይግዙ፤ መደርደሪያው የተጣለው ብዙ ጊዜ በዚያው ጎን ምክንያት ነው።

ላሚኔት የለበሰ ቺፕውድ። መልኩ ከነባሩ ጋር ይመሳሰላል፣ በየእንጨት ቤቱ ቁራጩ ይገኛል፣ ቀለምም አይፈልግም። ድክመቱ ጠርዙ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ በኤጅ ባንድ (ጠርዝ ላይ በሚለጠፍ ስስ ጥብጣብ) ካልተለበጠ ውኃ ይጠጣል፣ የሙጫውም ሽታ በዝግ ክፍል ውስጥ ያስቸግራል። በትንሽ ክብ መጋዝ ሲቆረጥ የላሚኔቱ ፊት ይፈረፈራል፤ የቦርድ መቁረጫ ማሽን ያለው ቤት ያስቆርጡ። ያ ከጠፋ መቁረጫው መስመር ላይ ፕላስተር ለጥፎ በጥቃቅን ጥርስ ምላጭ መቁረጥ ፍርፋሪውን ይቀንሳል።

ኤምዲኤፍ። ከቺፕውድ ጥቂት ይጠነክራል፣ ጠርዙ ለስላሳ ስለሆነ በቀለም ብቻ ያምራል። ለጎንና ለሚቀባ መደርደሪያ ጥሩ ነው። ጠርዙ ላይ በቀጥታ የገባ ቪቴ ግን ቦርዱን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገነጥለዋል፤ በቀጭን ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) አስቀድሞ ካልተበሳ በቀር። ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ የሚመጣው ዓይነት እርጥበት እንዲቋቋም የተሠራ ነው፤ ቢሆንም በወለል ውኃ ላይ እንዲቆም የተሠራ አይደለም።

ኮምፔርሳቶ። ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው በሙጫ የተጣበቁበት ቦርድ ነው፤ ለረድፍ ከሁሉም የምንመርጠው ይህን ነው። በተመሳሳይ ውፍረት ጉብጠቱ ከቺፕውድ በግማሽ ወይም ከዚያም በላይ ያንሳል፣ ቪቴም ይይዛል። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ የላይኛው ልባጭ ጭረት በረድፉ ርዝመት መሄድ አለበት፤ በወርዱ ከተቆረጠ ጥንካሬው በእጅጉ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሙጫው ይለያያል። አውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ ለምነው ቤት ወስደው ግማሽ ሰዓት በፈላ ውኃ ይቀቅሉት፤ ንጣፎቹ ከተላቀቁ ያ ኮምፔርሳቶ ለእግርና ለግርጌ አይሆንም፣ ለላይኛው ረድፍ ግን ይሆናል።

ጣውላ። ዋንዛ፣ ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ በብዛት ይቀርባሉ። ዋንዛ ቀላልና የማይጣመም ነው፣ ውድም ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራና ርካሽ ነው፣ እርጥቡን ከገዙት ግን ይጣመማል፤ ነጩ የዳር ክፍሉንም ነቀዝ ይወደዋል። ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ የሚያፈስ ጣውላ ወደ ቤት አያስገቡ። ጣውላ በወርዱ ይነፋል ይኮማተራል፤ 28 ሳንቲ ሜትር የሆነ ረድፍ በክረምትና በበጋ መካከል 2 እና 3 ሚሊ ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ ከጀርባ ጋር አያጣብቁት፣ 3 ሚሊ ይተዉለት።

| መተኪያ | ሸክም | እርጥበት | ሥራው | ወጪ | የሚስማማው ክፍል |
|---|---|---|---|---|---|
| የፋብሪካ ክፍል | እንደ ነባሩ | ደካማ | በጣም ቀላል | ከተገኘ መካከለኛ፣ ማጓጓዣው ከባድ | ጎን |
| ያገለገለ ረድፍ | እንደ ነባሩ | ደካማ | ቀላል | ዝቅተኛ | ቀላል መጽሐፍ የሚጫንበት ረድፍ |
| ቺፕውድ 16 ሚሊ | ደካማ | ደካማ | ቀላል፣ ኤጅ ባንድ ይፈልጋል | ዝቅተኛ | ከ60 ሳ.ሜ. ያጠረ ረድፍ |
| ቺፕውድ 25 ሚሊ | ጥሩ | ደካማ | ቀላል፣ ይከብዳል | መካከለኛ | ረጅም ረድፍ |
| ኤምዲኤፍ 18 ሚሊ | መካከለኛ | ደካማ፣ አረንጓዴው ይሻላል | ቀለም ይፈልጋል | መካከለኛ | ጎን፣ መሃል ቋሚ |
| ኮምፔርሳቶ 18 ሚሊ | በጣም ጥሩ | እንደ ሙጫው | ቀላል | ከፍ ያለ | ረድፍ |
| ኮምፔርሳቶ 4 ሚሊ | - | መካከለኛ | ቀላል | መካከለኛ | ጀርባ |
| የደረቀ ጣውላ | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ከተቀባ | አናጢ ይፈልጋል | ባሕር ዛፍ ዝቅተኛ፣ ዋንዛ ከፍተኛ | የረድፍ ከንፈር፣ መቀመጫ |
| የተበየደ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ፣ ከተቀባ | ብየዳ ቤት | መካከለኛ | መቀመጫ |

## ረድፍ

ከመግዛትዎ በፊት ሳይገዙ የሚሆነውን ይሞክሩ። 76 ሳንቲ ሜትር ከሆነው ረድፍ ሥር መሃሉ ላይ አንድ ቋሚ ቦርድ ማቆም የረድፉን ርዝመት ለሁለት ይከፍለዋል፤ ጉብጠቱም ከአሥራ ስድስት አንድ ያህል ይሆናል። ቁራጭ 16 ሚሊ ቺፕውድ ይበቃል። ቋሚው ግን ከላይኛው ረድፍ እስከ ታችኛው በአንድ መስመር መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ሸክሙ ወደ ታችኛው ረድፍ መሃል ተዛውሮ እሱን ይሰብረዋል። ከመደርደሪያው ወለል ሥርም እስከ መሬት የሚደርስ ድጋፍ ያስገቡ።

ቋሚው መልኩን ያበላሽብኛል ካሉ ሁለተኛው ርካሽ መንገድ ከንፈር ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 4 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የደረቀ ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ከረድፉ ፊት ጠርዝ ጋር በነጭ ኮላ ይለጠፍና በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በ4 በ50 ቪቴ (ውፍረቱ 4፣ ርዝመቱ 50 ሚሊ) ይያዝ፤ ከንፈሩ በ4 ሚሊ፣ የቦርዱ ጠርዝ በ2.5 ሚሊ ፑንታ ይበሳ። ከላሚኔቱ ፊት ላይ ኮላ አይዝም፣ ስለዚህ የፊቱ ኤጅ ባንድ መጀመሪያ ይነሣ። ጉብጠቱ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። በክረምት ኮላው ለአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በሞርሳ (ማጥበቂያ) ተይዞ ይቆይ።

አዲስ ረድፍ ካስቆረጡ የውስጡን ወርድ በሦስት ቦታ ይለኩ፦ ላይ፣ መሃል፣ ታች። ጎኖቹ መሃላቸው ላይ ወደ ውጭ ስለሚነፉ ቁጥሮቹ ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም። ከትንሹ ቁጥር 2 ሚሊ ቀንሰው ያስቆርጡ። ትልቁና ትንሹ ከ4 ሚሊ በላይ ከተለያዩ የረድፉን ልክ በማሳደግ አይፍቱት፤ የመሃሉን ረድፍ ከሁለቱም ጎን በቪቴ አስረው ጎኖቹን ይሰብስቡ። «ረድፉ ከመያዣው ላይ ይወድቃል» የሚባለው ብልሽት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የጎን መነፋት ነው፣ ረድፉ ራሱ ምንም ሳይሆን።

አሁን ሒሳቡ። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ ቦርድ 76 በ28 የሆኑ 12 ረድፎች ይወጡታል። ግማሽ ቦርድ ከሆነ የሚፈልጉት አቆራረጡ ልዩነት ያመጣል፤ በርዝመቱ የተገመሰው፣ ማለትም 61 በ244፣ ስድስት ረድፍ ይሰጣል። በወርዱ የተገመሰው፣ 122 በ122፣ የጭረቱ አቅጣጫ ከተጠበቀ አራት ብቻ። ሻጩ ለመጫን ስለሚቀለው በወርዱ ሊገምሰው ይፈልግ ይሆናል፤ ሳይቆርጥ ይንገሩት። ለአንድና ለሁለት ረድፍ ሙሉ ቦርድ አይግዙ፣ ቁራጭ ይጠይቁ። እዚያው ያስቆርጡት፤ 76 ሳንቲ ሜትር ረድፍ በባጃጅ ዓባይ ማዶ ድረስ ይሄዳል፣ ሁለት ሜትር ጎን ግን ጋሪ ወይም አይሱዙ ይፈልጋል።

የረድፍ መያዣው ላስቲክ ከሆነ በብረት ይቀይሩት፤ ለአንድ ረድፍ አራት ያስፈልጋል። ቀዳዳው ሰፍቶ መያዣው የሚወላገድ ከሆነ ቀዳዳውን በ8 ሚሊ ፑንታ ያስፉና 8 ሚሊ የእንጨት ካስማ በነጭ ኮላ ይምቱበት፤ ሲደርቅ አስተካክለው ቆርጠው መሃሉን በ5 ሚሊ ይብሱ። የቦርዱ ውፍረት 16 ስለሆነ ጥልቀቱ ከ12 ሚሊ አይለፍ፤ ፑንታው ላይ በ12 ሚሊ ፕላስተር ጠምጥመው ምልክት ያድርጉ።

## ጀርባ

ብዙ ሰው እንደ ማስጌጫ ያየዋል፤ መደርደሪያው ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚይዘው ግን እሱ ነው። በካርቶን የሚመጣው ጀርባ ለሁለት ታጥፎ በፕላስተር የተያያዘ 3 ሚሊ ማዞኒት (ስስ የተጨመቀ ቦርድ) ስለሆነ እጥፋቱ ላይ ይከፈታል። በአንድ ወጥ 4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ይተኩት። ጀርባው በጎኖቹ ላይ በተፈለፈለ ቦይ የሚገባ ከሆነ ቦዩ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሚሊ ብዙም አይሰፋም፣ ስለዚህ 4 ሚሊ አይገባም፤ ከኋላ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይመታ።

ከመምታትዎ በፊት መደርደሪያውን በፊቱ አስተኝተው ሰያፎቹን እኩል ያድርጉ። ረጅሙን ሰያፍ ይዞ ወደ ውስጥ መግፋት ይበቃል። ከዚያ በየ12 ሳንቲ ሜትሩ በ25 ሚሊ ሚስማር፣ ወይም መደርደሪያው የሚፈታ ከሆነ በ3.5 በ16 ቪቴ ያያይዙ። ወደ ግድግዳው የሚዞረውን ፊት አንድ ጊዜ ቫርኒሽ ይቀቡት። ከግድግዳው 2 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

## መጋጠሚያ

ጎኑንና ረድፉን የሚያያይዘው ክብ የብረት ቁልፍ፣ ካም የሚባለው፣ ዲያሜትሩ 15 ሚሊ ነው። ሲገዙ ሁለት ልክ ይዘው ይሂዱ፤ የቦርዱን ውፍረትና ከቦርዱ ጠርዝ እስከ ካሙ ቀዳዳ መሃል ያለውን ርቀት፣ ይህም ብዙ ጊዜ 24 ወይም 34 ሚሊ ነው። የ34 ብሎን በ24 ቦታ አይሠራም። አሮጌውን ብሎንና ካም በኪስ ይዞ መሄድ ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ይሻላል።

ካሙ ደህና ሆኖ ብሎኑ ከጎኑ ተነቅሎ ከወጣ የተበላሸው ቀዳዳው ነው። በሱፐር ግሉ መልሶ መለጠፍ ለአንድ ሳምንት ይይዛል። የሚዘልቀው አሠራር ቀዳዳውን በ10 ሚሊ ፑንታ 12 ሚሊ ድረስ ማስፋት፣ 10 ሚሊ የጠንካራ እንጨት ካስማ በኮላ መምታት፣ ሲደርቅ መሃሉን በ5 ሚሊ በስቶ ብሎኑን መልሶ ማሠር ነው። ይህ ዘዴ መደርደሪያው እንዲፈታ ይፈቅዳል። የማይፈታ ከሆነ ከውጭ በኩል 7 በ50 የቦርድ ቪቴ መምታት ይቀላል፤ ጎኑ በ7፣ የረድፉ ጠርዝ በ5 ሚሊ ይበሳል፣ ከቦርዱ ጫፍም ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ይራቃል፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። የቪቴው ራስ ግን ከውጭ ይታያል።

## ጎንና እግር

የእርሳሱ መስመር አሁን ይመጣል። እብጠቱ ከመደርደሪያው ወለል ቦርድ በታች ከሆነ ጎኑን አይተኩት፤ እግሩን ይቁረጡት። አብዛኞቹ መደርደሪያዎች ወለላቸው ከመሬት ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሁለቱንም ጎኖች ከወለሉ ቦርድ ሥር በእኩል ልክ ቆርጠው፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ አጠጥተው፣ በአዲስ መቀመጫ ላይ ያሳርፉት። መቀመጫው ከሁለት በአንዱ ይሠራል፤ ከደረቀ ባሕር ዛፍ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት)፣ ወይም ከ25 በ25 ሚሊ ቱቦላሬ። ምስጥ ባለበትና ወለሉ በውኃ በሚታጠብበት ቤት ቱቦላሬውን ያስበይዱ፤ ፍሬሙ 78 በ26 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 7፣ መሃሉ ላይ አንድ ተሻጋሪ ብረት። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ፣ የእግሮቹ ጫፍ በላስቲክ ይደፈን። የቱቦላሬው ጫፍ ክፍት ከቀረ ውኃ ውስጡ ገብቶ ዝገቱ በወለሉ ላይ ይፈሳል።

እብጠቱ ከወለሉ ቦርድ በላይ ወጥቶ ከሆነ ጎኑ ይተካ። አንዱ ብቻ ከተበላሸ ደህናውን እንደ ልክ ይጠቀሙ። እዚህ ላይ ተደጋጋሚ ስህተት አለ፦ ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። አዲሱንና አሮጌውን ቦርድ በውስጥ ፊታቸው አነባብረው፣ የፊት ጠርዛቸውን አስተካክለው፣ ቀዳዳዎቹን በማዕዘን መለኪያ ያሸጋግሩ፤ ካልሆነ ሁለት የግራ ጎን ይኖርዎታል። ሁሉንም የረድፍ ቀዳዳ መብሳት አያስፈልግም፤ በሚፈልጉት ቁመት ላይ አንድ፣ ከላይና ከታቹ አንድ አንድ ይበቃል። የፊተኛው ቀዳዳ ከፊት ጠርዝ 37 ሚሊ ይርቃል ተብሎ ይገመታል፣ አሮጌው ላይ ግን ያረጋግጡ።

## ለማን የቱ

ክፍል ተከራይቶ ለሚማር፦ ረድፉን ገልብጡት፣ መሃሉ ላይ ቋሚ አስገቡ፣ የላሉትን ካሞችና መያዣዎች ቀይሩ። ኮላ የትም አይግባ። ጀርባው በቪቴ ይያዝ።

ልጆች ላሉበት ቤት፦ ገንዘቡ ከሁሉ አስቀድሞ መደርደሪያውን ከግድግዳ ጋር ማሰሪያ ላይ ይዋል፤ በሁለት ማዕዘን ብረት፣ በ8 ሚሊ ፊሸር (ቪቴው እንዲይዝ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ላስቲክ) እና በ5 በ50 ቪቴ። ብሎኬቱ ባዶ ከሆነ ፊሸሩ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ሲሚንቶ ላይ ይግባ። የጭቃ ቤት ከሆነ ቪቴው ከምሰሶው ጋር ይያያዝ፤ ጭቃው አይዝም። ግድግዳውና ጀርባው መካከል በተተወው 2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የእንጨት ቁራጭ ይግባ። ከባዱ መጽሐፍ ሁልጊዜ ታች።

ለቢሮና ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፦ ረድፉ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ ፊቱ ላይ ከንፈር፣ መቀመጫው ቱቦላሬ። ከአራት መደርደሪያ በላይ ካለ ሙሉ ቦርድ መግዛት ያዋጣል፤ ከአንድ ቦርድ የሚወጡት 12 ረድፎች በአንድ ልክ ይቆረጣሉ።

እጅ ለሚያጥረው፦ ቁራጭ 16 ሚሊ ቺፕውድ ለቋሚ፣ የደረቀ ባሕር ዛፍ ለከንፈር፣ ጥቂት የብረት መያዣ። አዲስ ረድፍ አይግዙ።

ሁለቱም ጎን እስከ ወገብ ካበጠ ወይም ምስጥ ከገባበት፦ ደህና ረድፎችና ካሞችን ያስቀሩ፣ ቀሪውን ያስወግዱ። 28 ሳንቲ ሜትር የሆኑት ረድፎች በሁለት የግድግዳ ብረት ላይ ሲቀመጡ ለብቻቸው መደርደሪያ ይሆናሉ፤ በብረቶቹ መካከል ከ55 ሳንቲ ሜትር አይራቅ።

## ለአናጢው የሚሰጥ ትእዛዝ

ልኩን በቃል አይስጡ፣ በሚሊ ጽፈው ይስጡ። ለምሳሌ፦ «ላሚኔት ነጭ ቺፕውድ፣ ውፍረት 18፣ ርዝመት 758፣ ወርድ 278፣ ብዛት 3። የፊት ጠርዝ 1 ሚሊ ኤጅ ባንድ፣ የጎን ጠርዞች 0.4። ልኩ ኤጅ ባንድ ከተለጠፈ በኋላ ያለ ነው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የግድ ነው። በ0.4 ፋንታ ባለ 2 ሚሊ ኤጅ ባንድ በሁለቱም ጫፍ ከተለጠፈ 4 ሚሊ ይጨምራል፤ ትእዛዙ ካላለ አናጢው በ758 ቆርጦ ይለጥፍና ረድፉ 762 ሆኖ ይመጣል፣ 760 በሆነው ቦታ ውስጥም አይገባም። ሲረከቡ በቦታው ይለኩት። ኤጅ ባንዱን በጥፍርዎ ጫፍ ይሞክሩት፤ ማዕዘኑ ላይ ከተነሣ በማስቲሽ በእጅ የተለጠፈ ነው፣ በሙቀት ይላቀቃል፣ እዚያው በማሽን ያስለጥፉት።